ዲግሪ በርቀት፦ አስቀድመው የተማሩት ዓመታት የት ይገባሉ?

ቅዳሜ ማለዳ በነቀምቴ መናኸሪያ ከሚወርዱት መንገደኞች መካከል ሞጁል በፌስታል የያዙ ጎልማሶችን መለየት አይከብድም። ከዲጋ፣ ከሲቡ ሲሬ፣ ከጉቶ ጊዳና ከዋዩ ቱቃ ወረዳዎች የሚመጡ የግብርና ልማት ሠራተኞች፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች፣ የአንደኛ ደረጃ መምህራንና የወረዳ ጽሕፈት ቤት ሠራተኞች ናቸው። ከባኬ ጃማና ከሌሎች የከተማዋ ሰፈሮችም ሱቃቸውን ለልጅ አደራ ሰጥተው የሚመጡ ነዋሪዎች ይቀላቀሏቸዋል። ሳምንቱን ሙሉ ሲሠሩ ሰንብተው የዕረፍት ቀናቸውን ለርቀት ትምህርት የማጠናከሪያ ክፍለ ጊዜ፣ ለምደባ ሥራ ርክክብና ለፈተና ያውላሉ። ግባቸውም የመጀመሪያ ዲግሪ ነው።

እነዚህን ተማሪዎች አንድ የሚያደርጋቸው ነገር አለ። አብዛኞቹ ከባዶ የሚነሱ አይደሉም። አንዱ ከግብርና ኮሌጅ፣ ሌላዋ ከመምህራን ትምህርት ኮሌጅ፣ ሌላው ከቴክኒክና ሙያ ተቋም ዲፕሎማ ወይም የደረጃ 4 ማስረጃ ይዘዋል። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዓመት በሕመም፣ በገንዘብ እጥረት ወይም በጸጥታ ችግር ያቋረጠም ጥቂት አይደለም። በመሆኑም በምዝገባው ጠረጴዛ ፊት የሚነሣው ጥያቄ «ስንት ይከፈላል?» የሚለው ብቻ አይደለም። ከዚያ የሚቀድም ጥያቄ አለ፤ እስከ ዛሬ የተማርኩት ይቆጠርልኛል ወይስ እንደ አዲስ እጀምራለሁ?

ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ የአንድን ቤተሰብ የሁለትና የሦስት ዓመት ወጪ የሚወስን ነው። በተግባር ሲታይ ግን መልሱ እንደየተቋሙ፣ እንደየትምህርት ክፍሉ፣ አንዳንዴም እንደየመዝጋቢው ይለያያል።

የርቀት መንገድ ለምን ተፈለገ?

ነቀምቴ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 331 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። በ1999 ዓ.ም. የተቋቋመው ወለጋ ዩኒቨርሲቲ በነቀምቴ፣ በጊምቢና በሻምቡ ካምፓሶች ማስተማር መቻሉ፣ በ2010 ዓ.ም. ደግሞ ደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲ ሥራ መጀመሩ የከፍተኛ ትምህርትን ለአካባቢው ሕዝብ እንዳቀረበው አይካድም። ይሁን እንጂ በመደበኛ መርሐ ግብር መማር ሥራን መልቀቅ ይጠይቃል። በቀበሌ ተመድቦ የገበሬ ማሠልጠኛ ማዕከል የሚያገለግል የልማት ሠራተኛ በዘር ወቅት ማሳውን ትቶ ክፍል ሊገባ አይችልም። ሁለት ልጆች የምታሳድግ መምህርት ደመወዟን ትታ አራት ዓመት በዶርም ልትቀመጥ አትችልም።

የብሔራዊ ፈተናው ውጤትም ሌላው ምክንያት ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ መሰጠት ከጀመረበት ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያስመዘገቡት ተፈታኞች በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከዚህ ጠባብ በር ውጭ የቀረው ወጣት ብዙ ነው። ከፊሉ በማካካሻ ትምህርት ዕድሉን ሞክሯል፤ ከፊሉ ወደ ቴክኒክና ሙያ አምርቷል፤ ከፊሉም ወደ እርሻና ወደ ንግድ ተመልሷል። ለእነዚህ ወጣቶች ሥራ እየሠሩ ደረጃ በደረጃ መማር ወደ ዲግሪ የሚያደርስ ሁለተኛ መንገድ ነው።

መንገዱ ሁለተኛ ይሁን እንጂ ትርጉሙ የግለሰብ ብቻ አይደለም። የበቆሎ ተባይን በወቅቱ የሚለይ፣ የቡናን በሽታ የሚያውቅ፣ የአሲዳማ አፈርን ጉዳት ለገበሬው አስረድቶ ኖራ የሚያስጨምር ባለሙያ ዕውቀቱን ባሳደገ ቁጥር ተጠቃሚው ገበሬው ነው። ባለሙያው ሥራውን ሳይለቅ መማሩ ደግሞ ቀበሌው ባለሙያ አልባ እንዳይሆን ይረዳል።

ኩንታሉ አንድ፣ ክሬዲቱ ብዙ

ክሬዲት በቀላል አነጋገር የትምህርት መስፈሪያ ነው። ገበሬ ያመረተውን በኩንታል እንደሚሰፍር ሁሉ ከፍተኛ ትምህርት ተቋምም ተማሪው ያጠናውን በክሬዲት ይሰፍራል። ኩንታል በነቀምቴም በጊምቢም 100 ኪሎ ነው። ስለዚህ በቆሎው ከአንዱ ገበያ ወደ ሌላው ሲጓዝ ሚዛኑ አይለወጥም። በክሬዲት ላይ ግን ይህ ሁሌም አይሠራም።

አንደኛው ምክንያት መስፈሪያው ራሱ ሲለዋወጥ መቆየቱ ነው። የሀገሪቱ ዩኒቨርሲቲዎች ለረጅም ዘመን የተጠቀሙት በክሬዲት ሰዓት ነበር። በ2005 ዓ.ም. ገደማ የሞጁላር ሥርዓተ ትምህርት ሲስፋፋ ኢሲቲኤስ የተባለው የአውሮፓውያን መስፈሪያ ገባ። በዚህ አሠራር አንድ ሴሚስተር 30፣ የሦስት ዓመት ዲግሪ ደግሞ 180 ኢሲቲኤስ ነበር፤ አብዛኛውን ጊዜም 3 ክሬዲት ሰዓት ያለው ኮርስ 5 ኢሲቲኤስ ተብሎ ይቆጠር ነበር። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የአንደኛ ዓመት የጋራ ትምህርት ተመልሶ ቀድሞ በሦስት ዓመት ያልቁ የነበሩ መስኮች ወደ አራት ዓመት ከፍ አሉ። ሎጂክ፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ፣ አጠቃላይ ሳይኮሎጂ፣ አንትሮፖሎጂና ሌሎችም የጋራ ኮርሶች ለሁሉም ተማሪ ግዴታ ሆኑ። በቀድሞው ሥርዓት ሁለት ዓመት ተምሮ ያቋረጠ ሰው ዛሬ ሲመለስ ያልተማራቸው የአንደኛ ዓመት ኮርሶች ይጠብቁታል፤ የተማራቸው ሞጁሎች ደግሞ በአዲሱ ሥርዓት በሌላ ስም፣ በሌላ መጠን ተከፋፍለው ያገኛቸዋል።

ሁለተኛው ምክንያት ከዚህ ይጠልቃል። የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና የሚመዘነው በክሬዲት ሳይሆን በብቃት ነው። ሠልጣኙ በሙያ ደረጃው የተዘረዘሩትን የብቃት አሐዶች አንድ በአንድ ሠርቶ ያሳያል፤ በመጨረሻም የሙያ ብቃት ምዘና (ሲኦሲ) ይወስዳል። ውጤቱ «ብቁ» ወይም «ገና ብቁ ያልሆነ» የሚል ነው። ኤ፣ ቢ፣ ሲ የሚባል ውጤት የለውም። ዩኒቨርሲቲ በበኩሉ ኮርስ ለማዛወር የሚጠይቀው የኮርሱን ይዘት፣ የክሬዲቱን መጠንና የተገኘውን ውጤት ነው። ሁለቱ ተቋማት ስለ አንድ ሰው ይነጋገራሉ፤ ቋንቋቸው ግን የተለያየ ነው። የአፈርና ውኃ ጥበቃ እርከንን በእጁ ሠርቶ፣ ገበሬውን አሠልጥኖ፣ ምዘናውን ያለፈ የልማት ሠራተኛ በዲግሪው መርሐ ግብር «የአፈርና ውኃ ጥበቃ መግቢያ» በሚል ርዕስ ከመጀመሪያው ገጽ እንዲጀምር የሚደረገው በዚህ ምክንያት ነው።

ሦስተኛው ምክንያት ውሳኔው በየተቋሙ የሴኔት ሕግና በየትምህርት ክፍሉ ግምገማ ላይ መመሥረቱ ነው። አንዱ ተቋም የሚቀበለውን ኮርስ ሌላው ላይቀበለው ይችላል። ተማሪው የኮርስ ዝርዝሩንና የውጤት መግለጫውን ይዞ ከቢሮ ቢሮ ይመላለሳል። ጊዜ የሌለው ወይም ተስፋ የቆረጠው ክርክሩን ትቶ ከመጀመሪያው ዓመት ይመዘገባል። የተማረው ዓመት በዚያው ቀለጠ ማለት ነው።

የዩኒቨርሲቲዎቹ ጥንቃቄ መሠረት የሌለው አይደለም። የተግባር ሥልጠና ሁሉ የዩኒቨርሲቲ ኮርስን አይተካም። እርከን መሥራት የሚችል ሰው ሁሉ የአፈርን ኬሚስትሪ ያውቃል ማለት አይቻልም። ማስረጃን በገንዘብ የሚገዙና የሚሸጡ ሰዎች መኖራቸውም ተቋማትን ተጠራጣሪ አድርጓቸዋል። ሆኖም ጥንቃቄ ማለት መመዘን እንጂ ሳይመዝኑ መመለስ አይደለም።

ሊቆጠር እንደሚችል ያሳዩ ምሳሌዎች

ቀድሞ የተገኘ ዕውቀትን ቆጥሮ ወደ ዲግሪ ማድረስ በኢትዮጵያ ያልተሞከረ ነገር አይደለም። በዚያን ጊዜ አለማያ ይባል የነበረው የዛሬው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1997 ከሳሳካዋ የአፍሪካ የኤክስቴንሽን ትምህርት ፈንድ ጋር በመሆን ለነባር የኤክስቴንሽን ሠራተኞች ልዩ የዲግሪ መርሐ ግብር ከፍቷል። የሚገቡት ዲፕሎማ ያላቸውና በመስክ ያገለገሉ ሠራተኞች ነበሩ። ዲፕሎማቸውና የሥራ ልምዳቸው ስለተቆጠረላቸው ትምህርቱን የሚያጠናቅቁት ከመደበኛው ተማሪ ባጠረ ጊዜ ነው። ከትምህርቱ ከፊሉ በክፍል ይሰጣል፤ ከፊሉን ደግሞ ተማሪው ወደ ሥራ ቦታው ተመልሶ በመምህራን ክትትል ከገበሬዎች ጋር ፕሮጀክት እየሠራ ያጠናቅቃል። አሠራሩ በኋላ ወደ ሀዋሳና ወደ ሌሎች የሀገሪቱ ዩኒቨርሲቲዎች፣ እንዲሁም ወደ ሌሎች የአፍሪካ ሀገሮች ተዛምቷል። ልምዱ የሚያስተምረው የገበሬ ማሳ እንደ መማሪያ ክፍል፣ የሥራ ዘመንም እንደ ትምህርት ሊቆጠር እንደሚችል ነው፤ ለዚህ ግን የሚከታተል መምህርና ግልጽ መመዘኛ ያስፈልጋል።

ከአህጉሩም የታወቀ ምሳሌ አለ። በ1954 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ መጥተው በኮልፌ ወታደራዊ ሥልጠና የወሰዱት ኔልሰን ማንዴላ በወጣትነታቸው ከፎርት ሄር ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በተማሪዎች ተቃውሞ ምክንያት ትምህርታቸውን አቋርጠው ነበር። ወደ ጆሃንስበርግ ሄደው እየሠሩ የጀመሩትን ዲግሪ በተልእኮ ትምህርት በደቡብ አፍሪካ ዩኒቨርሲቲ በኩል ፈጸሙ፤ እ.ኤ.አ. በ1943ም ተመረቁ። በፎርት ሄር ያሳለፏቸው ዓመታት ባክነው ቢሆን ኖሮ ታሪኩ ሌላ መልክ በያዘ ነበር። ይኸው ዩኒቨርሲቲ ዛሬ በአዲስ አበባ አቃቂ ማዕከል ከፍቶ ኢትዮጵያውያንን በርቀት ሲያስተምር ቆይቷል።

ጉዳዩ አህጉራዊ ሕግም አለው። የአፍሪካ ሀገሮች አንዱ የሌላውን የከፍተኛ ትምህርት ጥናትና ማስረጃ እንዲቀበል የሚያደርገው የተሻሻለው ስምምነት የጸደቀው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2014 በአዲስ አበባ ነው፤ በዓለም የሚታወቀውም «የአዲስ ስምምነት» በሚል ስም ነው። በ2019 በሥራ ላይ ውሏል። በመዲናችን ስም የተጠራ ስምምነት የጋናን ትምህርት በኬንያ እንዲቆጠር ሲጥር፣ የነጆ ተማሪ በነቀምቴ የተማረውን በጅማ ለማስቆጠር መቸገሩ ሊያሳስብ የሚገባ ነው።

የጥራት ጥያቄና የመውጫ ፈተና

የርቀት ትምህርት በኢትዮጵያ ሲተች የቆየው በጥራት ነው። በነሐሴ 2002 ዓ.ም. መንግሥት የርቀት ትምህርት እንዲቆም ማስታወቁና ከተቋማቱ ጋር ውይይት ከተደረገ በኋላ ውሳኔው መላላቱ ይታወሳል። የሕግና የመምህርነት ትምህርት ግን ከግል ተቋማት እጅ እንዲወጣ ተደርጎ ነበር። በዚያን ጊዜ የተነሡት ቅሬታዎች ዛሬም ይሰማሉ። ሞጁሉ ይታደላል፤ አንብቦ የሚያስረዳ መምህር ግን አይገኝም። የምደባው ሥራ ከጓደኛ ይገለበጣል። የመመረቂያ ጽሑፍ በኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ተዘጋጅቶ ስም ብቻ ተለውጦ ይቀርባል።

ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ግን ሁኔታው ተለውጧል። በመጀመሪያ ዲግሪ የሚመረቅ ማንኛውም ተማሪ፣ በመደበኛም ይሁን በማታ ወይም በርቀት የተማረ፣ በመንግሥትም ይሁን በግል ተቋም የነበረ፣ ብሔራዊ የመውጫ ፈተናን በኮምፒውተር ወስዶ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ማምጣት አለበት። ኮርሶቹን በሙሉ ቢጨርስም ፈተናውን ካላለፈ ዲግሪ አይሰጠውም።

በ2015 ዓ.ም. የመጀመሪያው ዙር ውጤት ለብዙዎች ማስጠንቀቂያ ነበር። ፈተናውን ከወሰዱት 150,184 ተማሪዎች ያለፉት 61,054 ወይም 40.65 በመቶ ናቸው። ከመንግሥት ተቋማት ከቀረቡት 77,981 ተፈታኞች 48,632 ወይም 62.36 በመቶ ሲያልፉ፣ ከግል ተቋማት ከቀረቡት 72,203 መካከል ያለፉት 12,422 ወይም 17.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህ አሐዝ የርቀት ተማሪዎችን ለብቻ የሚያሳይ አይደለም። ነገር ግን በርቀት የሚማረው ሕዝብ በአመዛኙ የግል ተቋማት ተማሪ በመሆኑ ጉዳዩ በቀጥታ ይመለከተዋል። በግል ተቋማት ከቀረቡት ስድስት ተፈታኞች መካከል ያለፈው አንድ ገደማ ነው ማለት ነው።

ከዚህ ሁለት ትምህርቶች ይወሰዳሉ። የመጀመሪያው ለተማሪው ነው። የመውጫ ፈተናው የሚያካትተው የመስኩን ዋና ዋና ኮርሶች በሙሉ ነው። «ይህ ኮርስ ተዛውሮልኛል» ብሎ የተዘለለው ትምህርትም በፈተናው ይመጣል። ስለዚህ የክሬዲት ዝውውር ከክፍያና ከጊዜ ያድናል እንጂ ከማወቅ ግዴታ አያድንም። በርቀት ለሚማር ሰው «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚለው የአበው ብሂል የዛሬ ምክር ነው።

ሁለተኛው ትምህርት ለተቋማትና ለተቆጣጣሪዎች ነው። የመውጫ ፈተና ከመምጣቱ በፊት ተቋማት ክሬዲት ለመቀበል የሚያመነቱት «ያልተማረ ሰው አስመርቀን እንወቀሳለን» በሚል ሥጋት ነበር። አሁን ግን መውጫው ላይ ለሁሉም እኩል የሆነ አንድ ብሔራዊ ሚዛን ቆሟል። ያልተማረ ሰው በዚያ ሚዛን ይታወቃል። መውጫው ላይ አንድ ሚዛን ካለ፣ መግቢያው ላይ በየቢሮው የተለያየ ሚዛን የሚቆምበት ምክንያት ሊኖር አይገባም። የመውጫ ፈተናው ብዙዎችን ያስጨነቀ ቢሆንም፣ በትክክል ከተያዘ ቀድሞ የተማሩትን ዓመታት በድፍረት ለመቁጠር መተማመኛ ሊሆን ይችላል።

ፈቃዱ ለማን ነው?

ተማሪዎች በብዛት የሚሳሳቱበት ሌላው ነጥብ የዕውቅና ፈቃድ ነው። የቀድሞው የከፍተኛ ትምህርት አግባብነትና ጥራት ኤጀንሲን የተካው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ለግል ተቋም ፈቃድ የሚሰጠው በተቋሙ ስም ብቻ አይደለም። ፈቃዱ ለተወሰነ የትምህርት መስክ፣ ለተወሰነ ካምፓስና ለተወሰነ የማስተማሪያ ስልት ነው። አንድ ተቋም በአዲስ አበባ አካውንቲንግን በመደበኛ ለማስተማር ፈቃድ አለው ማለት፣ በነቀምቴ ግብርና ኢኮኖሚክስን በርቀት ለማስተማር ተፈቅዶለታል ማለት አይደለም። ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የፈቃድ ወረቀት እውነተኛ ሆኖ ሳለ የተማሪው መስክ በወረቀቱ ላይ ላይኖር ይችላል። ፈቃዱ የጊዜ ገደብም ስላለው የሚያበቃበት ቀን መታየት አለበት።

ባለሥልጣኑ የግል ከፍተኛ ትምህርት ተቋማትን በአዲስ መስፈርት ዳግም መመዝገብ መጀመሩ ይታወቃል። መስፈርቱን የማያሟላ ተቋም ከሥራ ሲወጣ ተማሪዎቹ ወደ ሌላ ተቋም መዛወር ይኖርባቸዋል። የክሬዲት ዝውውር ጉዳይ አስቸኳይ የሚሆነውም እዚህ ላይ ነው። ጥራትን ለማስጠበቅ የሚወሰደው እርምጃ ተገቢ ቢሆንም፣ በሦስተኛ ዓመት ላይ ያለ ተማሪ በተቋሙ ጥፋት ሦስት ዓመት እንዲያጣ ማድረግ ፍትሕ አይሆንም። ተማሪው የከፈለውና ያጠናው በሚመዘን መንገድ ተመዝኖ ወደሚቀጥለው ተቋም አብሮት መሄድ ይኖርበታል።

የመግቢያ መስፈርቱም እንዲሁ ነው። ከቴክኒክና ሙያ ወደ ዲግሪ የሚሻገር ሰው የሚጠየቀውን የደረጃ 4 የብቃት ምዘና ማረጋገጫ ሳይዝ «ግባና በኋላ ታመጣለህ» በሚል ቃል ቢመዘገብ፣ ጉድለቱ የሚታየው ከዓመታት በኋላ ማስረጃው ሲጣራ ነው። ያን ጊዜ የሚያጣው ክፍያውን ብቻ አይደለም፤ በዲግሪው ያገኘው የደረጃ ዕድገትም ጥያቄ ላይ ይወድቃል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንዲሉ ነው።

መንገድና ኔትወርክ

የርቀት ትምህርት ርቀትን ያስቀራል ቢባልም በወለጋ ርቀቱ ሙሉ በሙሉ አልቀረም። ሞጁል ለመውሰድ፣ የምደባ ሥራ ለማስረከብ፣ ለመፈተን አሁንም ወደ ከተማ መምጣት ግድ ነው። ከጊምቢ ነቀምቴ 110 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከደምቢ ዶሎ ደግሞ ከ300 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ክረምት ሲገባ መጋቢ መንገዶች ይበላሻሉ። ባለፉት ዓመታት በአካባቢው ያጋጠመው የጸጥታ ችግር ደግሞ ከቀበሌ ወጥቶ የፈተና ቀን መድረስን አስቸጋሪ አድርጎት ቆይቷል። ለመደበኛ ተማሪ አንድ ፈተና ማለፉ በሳምንት ውስጥ ሊስተካከል ይችላል። ለርቀት ተማሪ ግን አንድ ሴሚስተር ሊያስከፍል ይችላል።

ኢንተርኔት የዚህን ችግር ከፊል ሊያቃልል እንደሚችል ብዙዎች ተስፋ ያደርጋሉ። የትምህርት ሚኒስቴር ከማስተርካርድ ፋውንዴሽንና ከአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጋር ባስጀመረው ኢ-ሺ በተባለው ብሔራዊ የኤሌክትሮኒክ ትምህርት መርሐ ግብር የአንደኛ ዓመት የጋራ ኮርሶች በዲጂታል መልክ ተዘጋጅተዋል። ለሁሉም ዩኒቨርሲቲ አንድ ይዘት ያለው ኮርስ መኖሩ ለክሬዲት ዝውውር ትልቅ ጥቅም አለው። ኮርሱ አንድ ከሆነ «ይዘቱ ይለያል» የሚለው ክርክር ይቀራልና።

ይሁን እንጂ በ2012 ዓ.ም. ከታኅሣሥ መጨረሻ ጀምሮ ለሦስት ወራት ያህል በወለጋ ዞኖች ስልክና ኢንተርኔት ተቋርጦ እንደነበር የአካባቢው ነዋሪ አይዘነጋውም። መብራት በሚቆራረጥበት፣ ኔትወርክ ለማግኘት ኮረብታ መውጣት በሚያስፈልግበት ቀበሌ ሁሉንም ነገር በኢንተርኔት ላይ መጣል አይቻልም። የታተመው ሞጁል፣ በስልክ ላይ አውርደው ያለ ኔትወርክ የሚያነቡት ትምህርትና በወረዳ ከተማ የሚገኝ አስጠኚ ጎን ለጎን መኖር አለባቸው።

የቤተሰቡ ሒሳብ

የርቀት ትምህርት ክፍያ በአብዛኛው የሚሰላው በክሬዲት ሰዓት ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ የተቆጠረ ኮርስ በቀጥታ ከክፍያው ይቀነሳል። ሠላሳ ክሬዲት ሰዓት የተቆጠረለት ሰው የአንድ ዓመት ያህል ትምህርት ክፍያ፣ የአንድ ዓመት የትራንስፖርትና የምሳ ወጪ፣ ከሁሉም በላይ የአንድ ዓመት ዕድሜ አተረፈ ማለት ነው።

በገጠር ይህ ገንዘብ ከደመወዝ ብቻ አይወጣም። ከቡና ሽያጭ፣ ከበቆሎ፣ ከኑግ፣ ሲብስም ከበሬ ሽያጭ ይመጣል። አባት ለልጁ ብሎ በሬ ሲሸጥ የሚቀጥለው ዓመት እርሻ በመቀናጆ ወይም በኪራይ ይሆናል። አንዲት እናት የዕቁብ ተራዋን ለልጇ ምዝገባ ስታውል የቤቱ ጣሪያ ለሌላ ዓመት ይቆያል። ዲግሪው ሲገኝ ይህ ሁሉ ካሣ ያገኛል። ዲግሪው ሳይገኝ ሲቀር፣ ወይም ተገኝቶ ተቀባይነት ሲያጣ፣ የጠፋው የአንድ ተማሪ ዕድል ብቻ ሳይሆን የቤተሰቡ ጥሪት ነው። የክሬዲት ጉዳይ የቢሮ ወረቀት ጉዳይ ተደርጎ መታየት የሌለበትም ለዚህ ነው።

ምን ቢደረግ ይበጃል?

ለመመዝገብ የሚያስብ ሰው ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት አራት ነገሮችን ቢያደርግ ከብዙ ጉዳት ይድናል። አንደኛ፣ የሚመዘገብበት መስክ በዚያ ማዕከል፣ በርቀት ስልት፣ ያላለፈበት ፈቃድ እንዳለው ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ማጣራት ነው። ሁለተኛ፣ የቀድሞ የውጤት መግለጫውን ከኮርሶቹ ይዘት መግለጫ ጋር አቅርቦ የትኞቹ ኮርሶች እንደሚቆጠሩለት በማኅተም የተረጋገጠ ጽሑፍ መቀበል ነው፤ በቃል የተባለ ክሬዲት መዝጋቢው ሲቀየር አብሮ ይሄዳል። ሦስተኛ፣ የመግቢያ ማስረጃውን፣ የሙያ ብቃት ምዘና ማረጋገጫውን ጨምሮ፣ አሟልቶ መግባት ነው። አራተኛ፣ ተቋሙ በመስኩ ባለፉት ዙሮች ስንት ተማሪ ለመውጫ ፈተና አቅርቦ ስንቱ እንዳለፈ መጠየቅ ነው። በውጤቱ የሚኮራ ተቋም ይህን ለመንገር አያመነታም።

ትምህርታቸውን በተለያየ ምክንያት ያቋረጡ ሰዎችም የውጤት መግለጫቸውንና የኮርስ ዝርዝራቸውን ሳይዘገዩ ከቀድሞ ተቋማቸው ቢያወጡ ይመከራል። ተቋም ሊዘጋ፣ ሥርዓተ ትምህርት ሊለወጥ፣ መዝገብ ሊጠፋ ይችላል። በእጅ ያለ ሰነድ ግን ሁሌም መነሻ ይሆናል።

ከተቋማትና ከመንግሥት የሚጠበቀውም ቀላል የሚባል አይደለም፤ የማይቻል ግን አይደለም። የደረጃ 4 የግብርና ብቃቶች ከዲግሪው ኮርሶች ጋር የሚገናዘቡበት አንድ ወጥ ሠንጠረዥ ቢዘጋጅ፣ ግብርና ኮሌጁና ዩኒቨርሲቲው በአንድ ቋንቋ መነጋገር ይችላሉ። ሠንጠረዡ የማይመልሰው ጥርጣሬ ሲኖር ተማሪውን ከመመለስ ይልቅ የመመዘኛ ፈተና ሰጥቶ ማረጋገጥ ይቻላል። ወለጋና ደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲዎች በአካባቢው ካሉ የመምህራንና የግብርና ኮሌጆች ጋር በዚህ ላይ ቢስማሙ፣ ከአዲስ አበባ የሚመጣ መመሪያ እስኪደርስ ሳይጠብቁ ለምዕራብ ኦሮሚያ አርአያ ሊሆኑ ይችላሉ። የሐረማያው ልምድ እንዳሳየው ዕውቀቱም ሰውም በሀገር ውስጥ አለ።

ዲግሪ በርቀት ማግኘት የሰነፍ አቋራጭ ነው የሚል አስተሳሰብ አሁንም አለ። ቀን ከገበሬ ጋር ማሳ ውስጥ ውሎ፣ ማታ በባትሪ ብርሃን ሞጁል የሚያነብ ባለሙያ ግን አቋራጭ አልፈለገም። የፈለገው የተጓዘው መንገድ እንዲቆጠርለት ብቻ ነው። መውጫው ላይ የቆመው ሚዛን ጥብቅ ነው፤ ጥብቅ መሆኑም ተገቢ ነው። መግቢያው ላይ ያለው ሚዛን ደግሞ ትክክለኛ ሊሆን ይገባል፤ ገበሬው ያመጣው እህል ሳይመዘን ከበር አይመለስምና።